ድምፅን፣ መብራትንና ምስልን በአንድ ትእዛዝ ማስኬድ፦ ለትያትራችን የትኛው ሥርዓት ይሻላል?

ጥያቄ
የመድረክ አስተባባሪ፣ ድሬዳዋ

የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦች፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ድሬዳዋ ውስጥ በአንድ የወጣቶች ትያትር ክበብ የመድረክ አስተባባሪ ሆኜ አገለግላለሁ። በአሁኑ ጊዜ የባቡሩን ታሪክ የሚተርክ ሙሉ ትያትር እያዘጋጀን ነው። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ እ.ኤ.አ. በ1902 እዚህ ሲደርስ፣ ተራራውን ወጥቶ ሐረር መግባቱ ቀርቶ ከተማችን በግርጌው ከተቆረቆረችበት ጊዜ ጀምሮ መስመሩ እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ እስከገባበት ድረስ ያለውን ዘመን ይሸፍናል። መጀመሪያ እዚሁ በአዳራሽ፣ ከዚያም ሐረር ከጀጎል ግንብ ውጭ በክፍት ቦታ ልናቀርበው አስበናል።

ድምፁ የሚወጣው ከአንድ ላፕቶፕ ነው፤ ምስሉ ከሌላ ላፕቶፕ ወደ ፕሮጀክተር ይሄዳል፤ መብራቱን የምናዘው በአነስተኛ የዲኤምኤክስ (የመድረክ መብራቶችን በኬብል የሚያዝ ምልክት) ኮንሶል ነው። እያንዳንዱን የሚይዘው የተለያየ ሰው ሲሆን እኔ ከመድረኩ ጎን ሆኜ በእጅ ምልክትና በሬዲዮ መገናኛ «አሁን» እላለሁ። ለአብዛኛው ትዕይንት ይህ ይበቃል። ባቡሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ጣቢያ የሚገባበት ትዕይንት ላይ ስንደርስ ግን የፊሽካው ድምፅ፣ ከግራ ወደ ቀኝ የሚጠርገው ብርሃን፣ ጭሱና በሸራው ላይ የሚታየው የጣቢያው ምስል በአንድ ቅጽበት መገናኘት ይኖርባቸዋል፤ ሦስት ሰው በየራሱ እጅ ሲሠራው አንዱ ይቀድማል፣ አንዱ ይዘገያል፣ የባቡሩም ግርማ ይጠፋል።

ሦስቱን መሣሪያዎች በአንድ ትእዛዝ የሚያንቀሳቅስ ሥርዓት በእኛ አቅም መዘርጋት ይቻላል ወይ? ከተቻለስ ሙሉውን ትያትር ከመጋረጃ መከፈት እስከ መዘጋት በታይምኮድ፣ ማለትም ራሱ እየቆጠረ በሚሄድ የሰዓት ምልክት፣ ማሰር ይሻላል፣ ወይስ ሰው እየተከታተለ ቁልፍ ሲጫን የሚሄድ ይሁን? በባልደረቦቼ ዘንድ ሁለቱም አሳብ አለ፤ ታይምኮድን የሚደግፉት በውጭ አገር የሚቀርቡ ታላላቅ የሙዚቃ ዝግጅቶችን በምሳሌነት ያነሣሉ። የጭስ ማሽኑንና በሞተር የሚከፈተውን መጋረጃችንን በዚሁ ሥርዓት ውስጥ ማስገባት ይገባን እንደሆነ፣ መብራት ሲጠፋም ምን ማዘጋጀት እንዳለብን ብትመክሩን እናመሰግናለን። ያሉን ላፕቶፖች በዊንዶውስ የሚሠሩ ናቸው፤ አዲስ ኮንሶል ለመግዛት አቅሙ የለንም።


ምላሽ
የመብራት ባለሙያ፣ ሐረር

እህታችን፣ በሥራችሁ በርቱ። መልሴን ከወረቀቱ እጀምራለሁ፤ ምክንያቱም ማናቸውም ፕሮግራም ከመጫኑ በፊት የኪዩ ዝርዝሩ (ኪዩ ማለት ድምፅ፣ መብራት ወይም ምስል እንዲለወጥ የሚሰጥ አንድ ትእዛዝ ነው) ተጽፎ ማለቅ አለበት። ለእያንዳንዱ ኪዩ ቁጥሩ፣ የሚጠራበት የተዋናዩ ቃል ወይም እንቅስቃሴ፣ ድምፅ፣ መብራትና ምስል በዚያች ቅጽበት የሚያደርጉት፣ ለውጡም ስንት ሴኮንድ እንደሚፈጅ በአንድ መስመር ይጻፍ። ቁጥሩ ለሦስቱም ክፍሎች አንድ ይሁን፤ ድምፅ ኪዩ 40 ላይ ከሆነ መብራትም ምስልም 40 ላይ ናቸው፤ በዚያ ቦታ ሥራ የሌለው ክፍል ቁጥሩን ይዝለለው እንጂ የራሱን አቆጣጠር አይጀምር። ቁጥሮቹን በአምስት ወይም በአሥር እየዘለሉ መስጠት በልምምድ ጊዜ ለሚጨመሩት ኪዩዎች ቦታ ይተዋል። ይህ ወረቀት በትክክል ከተዘጋጀ የግማሹ ሥራ አለቀ ማለት ነው፤ ካልተዘጋጀ ግን የትኛውም ማሽን አያድናችሁም።

ስለ ታይምኮዱ የጠየቁትን በተመለከተ፣ ትያትር በሰው እጅ መመራት አለበት ብዬ አምናለሁ። ተዋናይ በየምሽቱ እኩል አይናገርም፤ ተመልካቹ ሲስቅ ይጠብቃል፣ ሲያጨበጭብ ይቆማል፣ ስሜቱ ሲገባው አንዲቱን ዝምታ ያረዝማታል። ታይምኮድ አንዴ ከተነሣ ማንንም ስለማይጠብቅ ተዋናዩ ሰዓት እንዲያሳድድ ይገደዳል። ወደ ሐረር ስትመጡ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ምክንያት አለ። በጀጎል ውስጥ 82 መስጊዶች እንዳሉ በዓለም ቅርስነት መዝገቡ ላይ ሰፍሯል፤ ምሽት ላይ በክፍት ቦታ ስታቀርቡ የዒሻ አዛን መሰማቱ የታወቀ ነው። አዛኑ እስኪያበቃ ትያትሩን በክብር ማቆም ይገባል፤ በዚያ ጊዜም መድረኩ ለዓይን የሚያምር የተረጋጋ ብርሃን ይዞ መጠበቅ እንጂ ባለቤት የሌለው መምሰል የለበትም። በቁልፍ በሚሄድ ሥርዓት ይህ እጅግ ቀላል ነው፤ ለማቆያ የሚሆን አንድ የመብራት ኪዩ ተዘጋጅቶ ይቀመጣል፣ ከዚያ ቀጣዩ ኪዩ አይጫንም።

«በአንድ ትእዛዝ» ስትሉ የምትፈልጉትም በዚህ መንገድ ይገኛል። መቼ እንደሚጀመር ሰው ይወስናል፤ ከተጀመረ በኋላ ያለውን የሴኮንድ ክፋይ ሥራ ማሽኑ ይይዘዋል። የባቡሩን ትዕይንት ብንወስድ፣ አስተባባሪዋ ቁልፉን አንዴ ስትጫን ፊሽካው ወዲያው ይሰማል፣ ከሁለት ሴኮንድ በኋላ ብርሃኑ ከግራ መጥረግ ይጀምራል፣ ከአራት ሴኮንድ በኋላ የጣቢያው ምስል ቀስ እያለ ይወጣል። በመካከላቸው ያለው ርቀት ከምሽት ወደ ምሽት አይለወጥም፤ የሚለወጠው የመነሻዋ ቅጽበት ብቻ ናት፣ እርሷም ከተዋናዩ ጋር ትሄዳለች። ጭሱ ግን ከዚህ ሰንሰለት ቀድሞ በራሱ ኪዩ ይነሣ፤ ማሽኑ ካልሞቀ አይተፋም፣ ከተፋ በኋላም ጭሱ እስኪዘረጋ ጊዜ ይወስዳልና። ብርሃኑ ሲመጣ ጭሱ ቀድሞ በአየር ላይ ካልተገኘ የብርሃኑ መስመር አይታይም።

ክፍት ቦታ ላይ በጭሱ ብዙ አትመኩ፤ የምሽቱ ነፋስ ይወስደዋል፣ በየትኛው አቅጣጫ እንደሚወስደው ደግሞ አስቀድሞ የሚያውቅ የለም። ትዕይንቱን ያለ ጭስ የሚያምር አድርጋችሁ ሥሩትና ጭሱ ከተገኘ እንደ ምርቃት ይቆጠር። ጀጎል እ.ኤ.አ. በ2006 በዩኔስኮ የተመዘገበ ቅርስ ነው፤ ግንቡ ላይ ምንም ነገር አይሰቀልም፣ አይቸነከርም፣ አይታሰርም። መብራቶቹ ሁሉ በራሳቸው እግር በሚቆሙ ማቆሚያዎች ላይ ይሁኑ፤ እግሮቻቸውም በአሸዋ ከረጢት ይያዙ።


ምላሽ
የድምፅ መሐንዲስ፣ አዲስ አበባ

የሐረሩ ወንድማችን ስለ ትያትር በተናገረው እስማማለሁ፤ ታይምኮድን ሙሉ በሙሉ ለመተው ግን አልቸኩልም። ታይምኮድ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ ለቪዲዮ ቴፕ አርትዖት የተፈጠረ ነው፤ እያንዳንዱን የምስል ፍሬም በሰዓት፣ በደቂቃ፣ በሴኮንድና በፍሬም ቁጥር ይሰይማል። ጥንካሬው የሚታየው ርዝመቱ በማይለወጥ ነገር ላይ ነው። በትያትራችሁ ውስጥ በተቀዳ ሙዚቃ የሚከናወን ውዝዋዜ ካለ ሙዚቃው በየምሽቱ አንድ ስለሆነ መብራቱን ከምቱ ጋር ማሰር ይቻላል፤ ማንም እጅ በየምቱ ቁልፍ እየተጫነ ያንን ያህል በትክክል ሊሠራው አይችልም። ስለዚህ የምመክረው ሁለቱን ማጣመር ነው፦ አስተባባሪዋ ቁልፉን ስትጫን ሙዚቃው ይነሣል፣ የሙዚቃው ታይምኮድ መብራቱን ይመራል፣ ሙዚቃው ሲያልቅ ሥልጣኑ ወደ ቁልፉ ይመለሳል። በታላላቅ የሙዚቃ ዝግጅቶችም ቢሆን በብዙ ቦታ እንዲሁ ነው፤ እያንዳንዱ ዘፈን የራሱ ታይምኮድ ይኖረዋል፣ በዘፈኖቹ መካከል ድምፃዊው ከሕዝቡ ጋር ሲነጋገር ግን የሚጠብቀው ሰው ነው።

ይህን ካደረጋችሁ በሁሉም መሣሪያ ላይ የፍሬም ፍጥነቱን (በሴኮንድ የሚቆጠሩትን ፍሬሞች ብዛት) አንድ አድርጉት። 24፣ 25፣ 29.97 እና 30 የሚባሉ ምርጫዎች አሉ፤ 25ን ይዛችሁ ከእርሱ አትውጡ። አንዱ መሣሪያ 25፣ ሌላው 30 ላይ ከተቀመጠ ትእዛዙ መምጣቱ አይቀርም፤ የሚመጣው ግን በተሳሳተ ቦታ ነው፣ ይህንንም በልምምድ ላይ ለይቶ ማግኘት አድካሚ ነው። ታይምኮዱ በድምፅ መልክ ከተቀዳ አንዱን የድምፅ ትራክ ይወስዳል፤ ስለዚህ ሙዚቃው በቀረው ትራክ ሞኖ ይሆናል፣ ወይም ከሁለት በላይ መውጫ ያለው የድምፅ ካርድ ያስፈልጋል። ያ ትራክ በምንም መንገድ ወደ ስፒከር እንዳይሄድ በሚክሰሩ ላይ አረጋግጡ፤ ድምፁ ጆሮን የሚሰነጥቅ ጩኸት ነው።

ከዚህ ይልቅ አጥብቄ ላሳስባችሁ የምፈልገው በመሣሪያዎቹ መካከል የሚያልፈውን ትእዛዝ ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 የሙዚቃ መሣሪያዎች እርስ በርስ ትእዛዝ እንዲለዋወጡበት የወጣው ሚዲ እ.ኤ.አ. በ1991 ለመድረክ የሚሆን ማስፋፊያ ተጨምሮለታል፤ «ሂድ»፣ «ቁም»፣ «ቀጥል» የሚሉ ትእዛዞችን ከኪዩ ቁጥር ጋር ያስተላልፋል። የሚዲ ኬብል ከ15 ሜትር በላይ እንዲዘረጋ አልታሰበም፤ መድረኩና የመቆጣጠሪያው ጠረጴዛ ከዚያ በላይ ከተራራቁ ኦኤስሲ የሚባለውን በኔትወርክ ኬብል የሚሄድ መልእክት ተጠቀሙ። ነገር ግን ኦኤስሲ አብዛኛውን ጊዜ የሚላከው መድረሱ ሳይረጋገጥ ነው። የዲኤምኤክስ ምልክት በሴኮንድ እስከ 44 ጊዜ ስለሚደጋገም አንዱ ቢጠፋ ተከታዩ ወዲያው ያስተካክለዋል፤ «ሂድ» የሚለው ትእዛዝ ግን አንዴ ብቻ ይላካል፣ ከጠፋም ጠፍቶ ይቀራል። በዚህ ምክንያት «ወደሚቀጥለው ሂድ» ከማለት ይልቅ «ወደ ኪዩ 40 ሂድ» ማለት ይበልጣል። በመጀመሪያው አሠራር አንድ መልእክት ከጠፋ መብራቱ እስከ ትያትሩ ፍጻሜ በአንድ ኪዩ ወደ ኋላ ይቀራል፤ በሁለተኛው ግን ኪዩ 40 ቢያመልጥ እንኳ ኪዩ 45 ሲጠራ ሁሉም በቦታው ይገኛል። የሐረሩ ወንድማችን ቁጥሩ ለሁሉም አንድ ይሁን ያለው ለወረቀቱ ብቻ ሳይሆን ለዚህም ይጠቅማል።

ኔትወርኩ የራሱ ስዊችና ኬብል ይኑረው፣ አድራሻዎቹ ቋሚ ይሁኑ፣ ከኢንተርኔት ጋር አይገናኝ። የመድረክ ትእዛዝ በዋይፋይ አይሂድ፤ ልምምድ ላይ ባዶ አዳራሽ ውስጥ ያለ እንከን የሠራው ዋይፋይ መቀመጫው ሁሉ ስልክ በያዘ ተመልካች ሲሞላ በዚያው ሁኔታ ይሠራል ብሎ መጠበቅ አይገባም።

ፕሮግራሙን በሚመለከት፣ በሰፊው የሚታወቀው ኪውላብ በማክ ላይ ብቻ ስለሚሠራ ለእናንተ አይሆንም። ለመብራቱ ኪውኤልሲ ፕላስ የሚባለው ነፃ ፕሮግራም በዊንዶውስ ይሠራል፣ ኦኤስሲና ሚዲም ይቀበላል። ለድምፁ አንድ አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ሊኑክስ ጭናችሁ ሊኑክስ ሾው ፕሌየርን ብትሞክሩ እርሱም ነፃ ነው፤ የድምፅ ኪዩዎቹን በዝርዝር ይዞ ለሌሎቹ ትእዛዝ መላክ ይችላል።

የመጨረሻው ነጥብ ለሐረሩ ክፍት ቦታ ነው። ድምፅ አንድ ሜትር ለመጓዝ ሦስት ሚሊሴኮንድ ገደማ ይፈጅበታል፤ 35 ሜትር ርቆ የተቀመጠ ሰው ፊሽካውን የሚሰማው ከስፒከሩ አጠገብ ከተቀመጠው አንድ አሥረኛ ሴኮንድ ዘግይቶ ነው። ፊሽካውንና ብርሃኑን ስታስተካክሉ ከመቆጣጠሪያው ጠረጴዛ ሆናችሁ ሳይሆን ከመቀመጫዎቹ መካከል ቆማችሁ ፍረዱ።


ምላሽ
የትምህርት ቤት መዝናኛ ክበብ ኃላፊ፣ ሐረር

እኔ የምጨምረው አጭር ነው። ኪውኤልሲ ፕላስን ለመጠቀም ላፕቶፑን ከመብራቶቹ ጋር የሚያገናኝ የዩኤስቢ ዲኤምኤክስ መሣሪያ ያስፈልጋችኋል። ዋጋቸው ዝቅ ያሉት ብዙዎቹ የራሳቸው ማቀነባበሪያ የላቸውም፤ የምልክቱን ጊዜ የሚጠብቀው ላፕቶፑ ራሱ ነው። ያው ላፕቶፕ ቪዲዮም የሚያጫውት ከሆነ በሥራ ሲወጠር ምልክቱ ይቆራረጥና መብራቶቹ ይርገበገባሉ። ገንዘባችሁ ለአንድ ነገር ብቻ የሚበቃ ከሆነ የራሱ ማቀነባበሪያ ያለውን ዲኤምኤክስ መሣሪያ ግዙ፤ ካልተቻለ ደግሞ ምስሉን በሌላው ላፕቶፕ ላይ አድርጉት።

መስመሩ ራሱ የሚፈልገውን ጥንቃቄም አትርሱ። የማይክ ኬብል የዲኤምኤክስን ያህል ፈጣን ምልክት እንዲያስተላልፍ አልተሠራም፤ በአጭር ርቀት ቢሠራም በረጅሙ ያታልላል። በአንድ መስመር ላይ ከ32 በላይ መሣሪያ አይቀጠል፤ በመጨረሻው መሣሪያ ላይ 120 ኦም ማቆሚያ (ምልክቱ ከመስመሩ ጫፍ ተንጸባርቆ እንዳይመለስ የሚያደርግ ትንሽ መሰኪያ) ይሰካ። መብራቶቹ ያለ ምክንያት ሲንቀጠቀጡ ሰዎች አስቀድመው ፕሮግራሙን ይጠረጥራሉ፤ እኔ ግን በመጀመሪያ የምፈልገው ያችን ማቆሚያ ነው።


ምላሽ
የኤሌክትሪክ መሐንዲስ፣ ድሬዳዋ

እህቴ፣ በከተማችን ታሪክ ላይ ይህን ያህል መድከማችሁ አስደስቶኛል። የመጋረጃውን ሞተር በሚመለከት መልሴ ግልጽ ነው፤ በዚህ ሥርዓት ውስጥ አታስገቡት። ዲኤምኤክስ 512 እ.ኤ.አ. በ1986 የወጣው ዲመሮችን (የመብራትን ድምቀት የሚጨምሩና የሚቀንሱ መሣሪያዎችን) ለማዘዝ ነው፤ የተላከው ትእዛዝ በመንገድ ላይ ቢበላሽ ተቀባዩ የሚያውቅበት ማረጋገጫ የለውም። መስፈርቱ ራሱ ለአደገኛ ሥራ እንዳይውል ያስጠነቅቃል። መብራት በስሕተት ቢበራ ትዕይንት ይበላሻል፤ ሞተር በስሕተት ቢነሣ ግን የሰው እጅ፣ አንገት ወይም ሕይወት ሊጠፋ ይችላል።

ሞተሩን የሚይዘው ሰው መጋረጃውን ከዳር እስከ ዳር በዓይኑ ከሚያይበት ቦታ ይቁም፤ ቁልፉም እጅ እስከያዘው ድረስ ብቻ የሚሠራ፣ ሲለቀቅ የሚያቆም ዓይነት ይሁን። በሁለቱም ጫፎች መጋረጃው ሲደርስ ሞተሩን የሚያቆም የገደብ ማብሪያ ማጥፊያ ይገጠም። የአደጋ ማቆሚያው ቀይ ቁልፍ በኮምፒውተር በኩል የሚያልፍ ምልክት ሳይሆን የሞተሩን ኃይል በቀጥታ የሚቆርጥ ሽቦ ይሁን፤ አሠራሩም በሰላሙ ጊዜ የተዘጋ (ኃይል የሚያሳልፍ)፣ ሲጫኑት የሚከፈት (ኃይል የሚያቋርጥ) መሆን አለበት። እንዲህ ከሆነ ሽቦው ቢበጠስ እንኳ ሞተሩ ይቆማል፤ በተቃራኒው ከተሠራ ግን ሽቦው መበጠሱን የምታውቁት ቁልፉን በምትፈልጉበት በዚያች ክፉ ሰዓት ነው። አስተባባሪዋ ለሞተሩ ኪዩ ትስጥ፣ ሰውየው መንገዱ ንጹሕ መሆኑን አይቶ ይጫን፤ መንገዱ ንጹሕ ካልሆነ ያለመጫን ሙሉ ሥልጣን ይኑረው፣ ስለዚህም ማንም አይውቀሰው።

ጭሱ በኪዩ ሊነሣ ይችላል። ሆኖም በአጠገቡ ያለ ሰው ኃይሉን ወዲያው የሚያቋርጥበት ማጥፊያ ይኑረው፤ ተወዛዋዦች በሚረግጡት ወለል ላይ ፈሳሹ ተንጠባጥቦ እንዳያንሸራትትም ከትዕይንቱ በፊት ይታይ።

መብራት ስለመጥፋቱ ብዙ ሰው የሚያስበው ስለ ላፕቶፑ ነው፤ ላፕቶፕ ግን የራሱ ባትሪ አለው። የሚጠፉት በመካከል ያሉት ትንንሽ ዕቃዎች ናቸው፦ የኔትወርኩ ስዊች፣ በግድግዳ ሶኬት የሚሠራው የድምፅ ካርድ፣ ኮንሶሉ። ጀነሬተሩ እስኪነሣ ባሉት ጥቂት ሴኮንዶች ውስጥ እነዚህ ይጠፋሉ፤ ሲመለሱም እንደ አዲስ እስኪነሡ ላፕቶፑ የሚልከውን የሚሰማ የለም። ስለዚህ አንድ አነስተኛ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ከባትሪ ኃይል የሚሰጥ መሣሪያ) ለእነዚህ ብቻ መድቡ፤ ብዙ ኃይል ስለማይወስዱ ረጅም ጊዜ ይይዛቸዋል። የመድረኩን መብራቶችና አምፕሊፋየሮች ከእርሱ ጋር አታያይዙ፣ ወዲያው ያወርዱታል። ፕሮጀክተራችሁ በአምፖል የሚሠራ ከሆነ ለእርሱ አቅም ያለው ሌላ ዩፒኤስ ብታገኙለት ጥሩ ነው፤ ትኩስ አምፖል በድንገት ከጠፋ እስኪቀዘቅዝ ድረስ ዳግም አይበራም፣ ትዕይንቱም ያለ ምስል ይቀጥላል። የኤልኢዲ መብራቶች ኃይል ሲመለስ ወዲያው ይበራሉ፤ በጋዝ አምፖል የሚሠሩ ሙቪንግ ሄዶች (በትእዛዝ የሚዞሩ መብራቶች) ግን እንደ ፕሮጀክተሩ ደቂቃዎች ያስፈልጓቸዋል።

በየመብራቱ ምናሌ ውስጥ ምልክት ሲቋረጥ ምን ያድርግ የሚል ምርጫ አለ፦ የነበረውን ይያዝ ወይም ይጥፋ። ከአዳራሽ ሥራ በፊት አንድ በአንድ ከፍታችሁ «የነበረውን ይያዝ» የሚለው ላይ አድርጓቸው፤ ኬብል ቢነቀል መድረኩ በድንገት አይጨልምም። ሰው የሚወጣባቸው በሮችና ደረጃዎች መብራት ግን ከዚህ ሁሉ ተለይቶ በራሱ ባትሪ ይሥራ፤ ማንም ኪዩ ሊያጠፋው መቻል የለበትም።

የድሬዳዋን ሙቀት ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም። ላፕቶፕ ሲግል ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ቪዲዮው መዘግየት የሚጀምረውም ያን ጊዜ ነው። ጠረጴዛውን ከአምፕሊፋየሮቹ አርቁ፣ የፕሮጀክተሩን የአቧራ ማጣሪያ ከእያንዳንዱ ዝግጅት በፊት አጽዱ።


የጠያቂዋ ተጨማሪ ጥያቄ
የመድረክ አስተባባሪ፣ ድሬዳዋ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ፤ እግዚአብሔር ይስጥልን። ከክበቡ አባላት ጋር ተወያይተን ትያትሩ በቁልፍ እንዲሄድ፣ የመጀመሪያው ክፍል መዝጊያ የሆነው ውዝዋዜ ብቻ በታይምኮድ እንዲመራ፣ መጋረጃውም ከሥርዓቱ ወጥቶ በሰው እጅ እንዲቀር ወስነናል።

የቀረኝ አንድ ጉዳይ አለ። በትዕይንቶቹ መካከል የተቀዳ የተራኪ ድምፅ አለን፤ ይህም እንደየተመልካቹ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በሶማልኛ ወይም በሐረሪ እንዲቀርብ እንፈልጋለን። ተዋናዮቹ የሚናገሩት ንግግር ደግሞ በሌላ ቋንቋ ተተርጉሞ በሸራው ግርጌ በጽሑፍ እንዲታይ አስበናል። ለእያንዳንዱ ቋንቋ የተለየ የትያትር ፋይል ማዘጋጀት ይኖርብናል ወይ?


ምላሽ
የድምፅ መሐንዲስ፣ አዲስ አበባ

አራት ፋይል አታዘጋጁ። አራት ፋይል ካለ በአንዱ ላይ የተስተካከለው መብራት በሦስቱ ላይ ሳይስተካከል ይቀራል፤ ልምምዱ በበዛ ቁጥርም ፋይሎቹ እየተራራቁ ይሄዳሉ። አንድ ፋይል ይኑር፤ ተራኪው በሚናገርበት ቦታ ሁሉ አራቱ ቅጂዎች በአንድ የኪዩ ቁጥር ሥር ጎን ለጎን ይቀመጡ፣ የዚያ ምሽት ቋንቋ ብቻ ክፍት ሆኖ ሦስቱ ይዘጉ። አስተባባሪዋ የምትጫነው ቁልፍና የምትጠራው ቁጥር በየትኛውም ቋንቋ አይለወጥም። በሮቹ ከመከፈታቸው በፊት እያንዳንዱን የተራኪ ኪዩ በጆሮ ማዳመጫ አንዴ አሰምታችሁ የተከፈተው ትክክለኛው ቋንቋ መሆኑን አረጋግጡ።

ዋናው ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ግን በርዝመቱ ላይ ነው። አንዱ አንቀጽ በአራት ቋንቋ ሲነበብ እኩል ጊዜ አይፈጅም። ተራኪው ሲጨርስ መብራቱ እንዲለወጥ የምትፈልጉ ከሆነና ለውጡን «ከ30 ሴኮንድ በኋላ» ብላችሁ በአማርኛው ልክ ካሰራችሁት፣ በሌላው ቋንቋ መብራቱ ተራኪው ገና እየተናገረ ይለወጣል፣ ወይም ተናግሮ ከጨረሰ በኋላ መድረኩ ሥራ ፈትቶ ይቆያል። ፕሮግራሞቹ አንዱን ኪዩ ከሌላው ጋር የሚያያይዙባቸው ሁለት መንገዶች አሏቸው፦ በአንደኛው ተከታዩ ኪዩ ፊተኛው ሲጀምር አብሮ ይነሣል፤ በሁለተኛው ፊተኛው ሲያልቅ ይነሣል። ከተራኪው ጋር የተያያዘውን ሁሉ በሁለተኛው መንገድ እሰሩት፤ የድምፁ ፋይል በየትኛውም ቋንቋ ቢሆን፣ ሲያልቅ መብራቱ ይለወጣል። ለዚህ እንዲያመች በየድምፅ ፋይሉ መጨረሻ ላይ ያለውን ባዶ ዝምታ በአራቱም ቅጂዎች እኩል አድርጋችሁ ቁረጡ፤ በአንዱ ላይ አምስት ሴኮንድ ባዶ ጭራ ከቀረ መብራቱ ያንን ጭራ ይጠብቃልና።

በሸራው ላይ የሚወጣው ጽሑፍ ከዚህ የተለየ ነው፤ እርሱን ከምንም ጋር አታስሩት። የሚከተለው የተቀዳ ድምፅ ሳይሆን ሕያው ተዋናይ ስለሆነ ሁለቱንም ቋንቋ የሚያውቅ አንድ ሰው ለዚህ ሥራ ብቻ ተመድቦ መስመር በመስመር በእጁ ያሳልፈው። ይህ ሰው ከልምምዱ መጀመሪያ ጀምሮ ከተዋናዮቹ ጋር ይገኝ፤ የትኛው ተዋናይ የትኛውን ዓረፍተ ነገር ለሁለት እንደሚከፍለው፣ የትኛው ሳቅ ከጽሑፉ ቀድሞ እንደሚመጣ የሚያውቀው በመስማት ነው። የአስቂኝ ንግግር ጽሑፍ ተዋናዩ ከመናገሩ በፊት አይውጣ፤ አንባቢው ቀድሞ ይስቅና የተዋናዩን ድካም ያጠፋዋል። የጽሑፉም ዝርዝር የራሱ ቁጥር ያለው ሌላ ዝርዝር ይሁን፤ በመቶዎች የሚቆጠሩ መስመሮች ስለሚኖሩት ከዋናው የኪዩ ዝርዝር ጋር ከተቀላቀለ አስተባባሪዋ የምትፈልገውን ኪዩ ማግኘት ያቅታታል።